የሠንጠረዡ ባለቤት፦ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተርና የተጠቃሚው ሥልጣን

በመገናኛ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈትና ኅትመት የሚተዳደር ባለሙያ በፍላሽ የሚመጣለትን ሰነድ ሁሉ መክፈት ይጠበቅበታል፤ ማመልከቻ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይቀርብለታል። ሰነዱ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ከሆነ ግን በአማርኛው ፋንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሊደረደሩ ይችላሉ። ፋይሉ አልተበላሸም። የጠፋው ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው ሠንጠረዥ ነው። ይህ ጽሑፍ ሠንጠረዡ በማን እጅ እንደ ነበረ፣ እንዴት የጋራ ሀብት እንደ ሆነና ተጠቃሚው ዛሬ በእጁ ምን ሊሠራበት እንደሚችል ያብራራል።

የተዘጋው ሠንጠረዥ

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደልን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የቀድሞዎቹ የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ባይት ብቻ ይመድቡ ስለ ነበር፣ በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 የበለጠ ስፍራ አልነበረም፤ ከዚህም ከፊሉ ለማሽኑ መቆጣጠሪያ የተያዘ ነው። በአንጻሩ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባቱ ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉ ስፍራው አይበቃም።

የሶፍትዌር አዘጋጆች ችግሩን በሁለት መንገድ ፈቱት። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለተለያዩ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በማጋጠም ሆሄውን ሠሩት። ፍስሐ አጥላው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዳሸን ኢንጂነሪንግ ካዘጋጁት የአማርኛ መጻፊያ ጀምሮ የተከተሉት ሥራዎች አማርኛን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡ ባለውለታዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የጋራ ስምምነት ስላልነበረ እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በራሱ ቅደም ተከተል ደረደረ። በዚህም ምክንያት ጸሐፊው የራሱን ደብዳቤ መልሶ ለማንበብ እንኳ የአዘጋጁን ፎንት ማግኘት ነበረበት።

ሠንጠረዡ የጋራ ሲሆን

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት የሚወክል ሥርዓት አዘጋጅተው ደንቡን ይፋ አደረጉ። ደንቡን ያነበበ ማንኛውም ሰው በእርሱ የሚሠራ ፕሮግራም ሊጽፍ ይችል ነበር። ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መደብም በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ፤ በ2005 የወጣው 4.1 እትም ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላትን አካተተ።

የዩኒኮድ አደራደር የፊደል ገበታን ሥርዓት የተከተለ ነው። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ነው፤ ማለትም በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ስፍራ ተሰጥቷል። ስለዚህ በለ ላይ 1 ሲደመር ካዕቡ ሉ (4617)፣ 3 ሲደመር ራብዑ ላ (4619) ይገኛል። ገበታውን የሚያውቅ ተማሪ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ዋና ስሌት በእጁ ነው ማለት ይቻላል።

የእጅ ሥራው

ይህ ዕውቀት በሁለት ሥራዎች ይፈተናል። የመጀመሪያው የቁልፍ ሰሌዳን ማበጀት ነው። ምንጭ ኮዱ ክፍት በሆነው ኪማን የቁልፍ ሰሌዳ ማለት እያንዳንዱ መስመር አንድ ደንብ የያዘበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሠ ወይም ፀ በየትኛው ቁልፍ እንደሚወጣ ያልተመቸው ሰው መስመሩን ለውጦ መሞከር ይችላል።

ሁለተኛው አሮጌ ሰነድን መመለስ ነው። መሠረቱ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሲሆን በአንዱ የድሮው ቁጥር፣ በሌላው የዩኒኮዱ ይሰፍራል። ሥራው ግን ጥንቃቄን ይሻል። ሉ በግንድና በቅጥያ የተሠራ ከሆነ ፕሮግራሙ ረጅሙን ጥምረት አስቀድሞ መፈለግ አለበት፤ አለዚያ ግንዱ ለ ሆኖ ይቀየርና ቅጥያው ባለቤት አልባ ይቀራል። በሰነዱ መካከል ያለ እንግሊዝኛም አብሮ እንዳይቀየር የእያንዳንዱን ቃል ፎንት ማየት ያስፈልጋል። ሰነዱ የፎንቱን ስም ሳይዝ ከተቀመጠ ደግሞ ሠንጠረዡ የሚገኘው የታተመ ቅጂን ከፋይሉ ጋር ፊደል በፊደል በማነጻጸር ነው። ይህን ትዕግሥት ማሽኑ አይተካውም፤ አማርኛን አንብቦ ስሕተቱን የሚለይ ዓይን ይጠይቃል።

ስልኩና አደራው

ዛሬ ጥያቄው ወደ ስልክ ተሻግሯል። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ የአማርኛ መጻፊያውን የሚጭንለት ሻጩ ወይም ጠጋኙ ነው። የቁልፍ ሰሌዳ መተግበሪያ ግን የሚጻፈውን ሁሉ፣ የግል መልእክትን ጭምር፣ የሚቀበል በር ነው፤ አንድሮይድም ከውጭ የመጣ የቁልፍ ሰሌዳ ሲከፈት ይህንኑ ያስጠነቅቃል። ምንጭ ኮዱ ክፍት ከሆነ ቢያንስ ዐዋቂ ሊመረምረው ይችላል፤ ዝግ ከሆነ የሚቀረው እምነት ብቻ ነው።

ሁሉም ተጠቃሚ ፕሮግራም ጸሐፊ እንዲሆን አይጠበቅም። ነገር ግን ሠንጠረዡ ክፍት በሆነበት ሁሉ ማንበብና ማረም የሚችል ሰው በየሰፈሩ ሊገኝ ይገባል። የፊደል ገበታን ለሚያውቅ ተማሪ ይህን ክህሎት ማስተማር፣ የዕድሩን ደንብና የመመረቂያውን ጽሑፍ ለባለቤታቸው መመለስ ማለት ነው።