ብርድ የማይበግራቸው የባሕር ጠራጊዎች

ባክቴሪያ የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር አብዛኞቻችን የምናስበው በሽታን ነው። እኛም ብንሆን ከዩኒቨርሲቲ እስክንወጣ ድረስ ስለ እነዚህ ረቂቅ ተሐዋስያን የነበረን አሳብ ከሆስፒታልና ከእጅ መታጠብ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ሰው በባሕር ላይ ያፈሰሰውን ነዳጅ ዘይት እየተመገቡ የሚያጠፉ፣ ያውም በረዶ በሚንሳፈፍበት ውሃ ውስጥ የሚሠሩ አሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የእነዚህን ታሪክ ነው።

ጥር 20 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሒያ ፓራይሶ የተባለች የአርጀንቲና መርከብ በአንታርክቲካ፣ ፓልመር ከሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ አጠገብ፣ ከዓለት ጋር ተጋጭታ 600 ሺህ ሊትር ያህል ናፍጣ በባሕሩ ላይ አፈሰሰች። ሁለት ወር ሳይሞላ መጋቢት 15 ቀን ደግሞ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ጠረፍ 40 ሚሊዮን ሊትር የሚያህል ድፍድፍ ዘይት ደፋች። በዚህ አደጋ የሞቱት የባሕር ወፎች ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ብርድ ሥራውን በሁለት ወገን ያከብደዋል። አንደኛ፣ ዘይቱን ስለሚያወፍረው በቀላሉ አይተንም፣ አይበተንም። ሁለተኛ፣ የባክቴሪያዎቹን ገላ ያደርቃል። በደጋ አገር ቅቤ በማለዳ እንዴት እንደሚጠጥር የማያውቅ አንባቢ የለም። የባክቴሪያም ገላ በስብ የተሸፈነ ስለሆነ፣ ብርድ ሲመታው እንደዚያው ጠጥሮ ምግብ ማስገባት ይሳነዋል። ብርድ የለመዱት ግን ሽፋናቸውን የሚሠሩት እንደ ቅቤ ከሚጠጥር ስብ ሳይሆን፣ እንደ ኑግ ዘይት በቅዝቃዜም ከሚፈስ ስብ ነው። ምግብ የሚሰባብሩባቸው ኤንዛይሞችም ለስላሶችና ተጣጣፊዎች ስለሆኑ ብርድ አያግዳቸውም።

በ1995 ዓ.ም. ሊቃውንት በአንታርክቲካ ከሮስ ባሕር ዳርቻ ያገኟትን አንዲት ባክቴሪያ ኦሌይስፒራ አንታርክቲካ ብለው ሰየሟት። ይህች ፍጥረት በአብዛኛው የምትመገበው በነዳጅ ዘይት ውስጥ የሚገኘውን ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ውሃ ነው። እርሷና መሰሎቿ ዘይቱን ሰባብረው ሲጨርሱ በመጨረሻ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው።

ይሁን እንጂ ዘይት ብቻውን ሙሉ ምግብ አይሆንም። ለባክቴሪያ እንደ እህል ሁሉ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በአላስካ ጠረፍ ላይ ማዳበሪያ ተበትኖ ነበር፤ ሥራውም በብዙ ስፍራ ተፋጠነ። ከጠጠር በታች፣ አየር በማይደርስበት የተቀበረው ዘይት ግን ብዙ ዓመታት ካለፉም በኋላ ሳይጠፋ ተገኝቷል። ከባዱንና እንደ ሬንጅ ያለውን ክፍል ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው እምብዛም አይደፍሩትም።

«ታዲያ ከሌላ አገር ብርቱ ባክቴሪያ አምጥቶ መጨመር አይቻልምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ1984 ዓ.ም. በማድሪድ የተፈረመው ስምምነት ያለ ፈቃድ ባዕድ ሕይወት ያለው ነገር ወደ አንታርክቲካ ማስገባትን ይከለክላል። እንግዲህ በዚያ ተስፋ የሚጣልባቸው የአገሩ ተወላጆች ብቻ ናቸው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል የአገራችን ሰው። የእነዚህ ጠራጊዎች ሥራም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ላባዋ በዘይት የተነከረ ወፍ እንዲህ ያለ ጊዜ የላትም። ጠራጊ አለልኝ ብሎ ቤቱን የሚያቆሽሽ ሰው ደግሞ የጠራጊውን ድካም ብቻ ሳይሆን የራሱንም ሞኝነት ያበዛል። ይህንን የተረዱት መንግሥታት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መርከቦች በአንታርክቲካ ባሕር ከባድ የነዳጅ ዘይት እንዳይጭኑና እንዳይጠቀሙ ከልክለዋል። በሰሜን ዋልታም ተመሳሳይ ሕግ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል፤ ለአንዳንድ መርከቦች የተሰጠው የጊዜ ፋታ ግን እስከ 2021 ዓ.ም. ይዘልቃል። ባክቴሪያዎቹ የድርሻቸውን ይሠራሉ፤ የማይፈስሰውን ዘይት ግን ማንም መጥረግ አያስፈልገውም።