ሆድ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ማርጀቱ እንዴት ይታወቃል?

የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ትታችሁት ታውቃላችሁ? ስትመለሱ ሳህኑ ውሃ ይዞ ታገኙታላችሁ። ውሃውን ከቲማቲሙ ስቦ ያወጣው ጨው ነው። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ብዙ ሰዎችም በዚሁ ዘዴ ይኖራሉ፤ እዚህ ላይ ግን ሳቢው ስኳር ነው፣ ቦታው ደግሞ የራሳቸው ሆድ።

የኩላሊት እጥበት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቁን ማሽን ነው። ሌላም መንገድ አለ። ሆዳችንን ከውስጥ የሚሸፍን፣ በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ፔሪቶኒየም የሚባል ስስ ሽፋን አለን። በቀጭን ቱቦ 2 ሊትር ገደማ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይገባና ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቆሻሻው ከደም ወደ ፈሳሹ ይሻገራል፤ ስኳሩም ትርፉን ውሃ ይስባል። ከዚያ ፈሳሹ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው።

ችግሩ፣ ሽፋኑ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ለዓመታት ስኳር ሲነካው፣ በመሃልም ኢንፌክሽን ሲይዘው ይወፍራል፤ አዳዲስ የደም ሥሮችም ያበቅላል። ታዲያ ሆድ ሳይከፈት ይህን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዝቢሉት ትቫርዶቭስኪና ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል ምርመራ አቀረቡ። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ክሬአቲኒን የሚባለው ቆሻሻ በፈሳሹም በደሙም ይለካል። በደም 10፣ በፈሳሹ 7 ከሆነ፣ 7 ለ10 ሲካፈል 0.7 ነው። ከ0.81 በላይ ከሆነ ሽፋኑ “ፈጣን” ይባላል፤ ከ0.5 በታች ከሆነ “ዘገምተኛ”።

“ፈጣን ከሆነማ ጥሩ ነው!” አላችሁ አይደል? ቆይ፣ አትቸኩሉ። ቆሻሻው ቶሎ የሚወጣበት ሽፋን ስኳሩንም ቶሎ ወደ ደም ያስገባል። ስኳሩ ካለቀ ውሃውን ማን ይስበው? ውሃው ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ እግር ያብጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብም ይደክማል።

ስለዚህ የወጣው ውሃም ይለካል። ጠንካራውን የስኳር ፈሳሽ ተጠቅሞ ከ4 ሰዓት በኋላ የተገኘው ትርፍ ውሃ ከ400 ሚሊ ሊትር ካነሰ፣ ሽፋኑ ውሃ ማውጣት እያቃተው ነው ማለት ነው።

አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ አንዳንዱ ሰው ሲጀምርም ፈጣን ሽፋን አለው። ዋናው ነገር ለውጡ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ሕክምናው ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ ይያዝና ቀጣዮቹ ከእሱ ጋር ይነጻጸራሉ። አምና 0.65 የነበረው ዘንድሮ 0.85 ከሆነ፣ እግር ከማበጡ በፊት መላ መፈለግ ይቻላል፦ ፈሳሹን ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ወይም ቶሎ ወደ ደም በማይገባው አይኮዴክስትሪን መተካት። ይህም ካልበቃ፣ ወደ ማሽኑ ለመዛወር ተረጋግቶ መዘጋጀት። ሳይለኩ ቆይቶ በድንገተኛ ክፍል መገናኘትና ይህ አንድ አይደሉም።