አዲስ አበባ የተመዘገቡ መርከቦች

መርከብ ከኋላዋ ሁለት ነገር ይጻፍባታል፤ ስሟና የተመዘገበችበት ቦታ። በኢትዮጵያ ንግድ መርከቦች ላይ ከስማቸው ሥር የሚነበበው «አዲስ አበባ» ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ማዕበል አይታ የማታውቅ ከተማ። ይህን ለሰው ስነግር አብዛኛው ይስቃል። እንዲያው አገር በሙሉ ያጣውን ባሕር ለማስታወስ የተሰካ ጌጥ ይመስለዋል።

የሚስቀውን ሰው አልወቅሰውም። ስለ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሲወራ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ታክሲ፣ ታሪፍ፣ መንጃ ፈቃድና የመኪና አደጋ ነው። በዚያው ሚኒስቴር ሥር የመርከብ መዝገብ የሚይዝ፣ የባሕረኛ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ፣ የጣና ጀልባ ሳይቀር የሚመለከተው የማሪታይም ባለሥልጣን እንዳለ የሚያውቀው ከአስመጪና ከትራንዚተር ውጭ እምብዛም ነው። እኔ ግን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ታሪኩ የሚጥመኝ ይኸው ነው።

የሚኒስቴሩን የስም ለውጥ ባጭሩ ልለፈው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የመርከብ ነገር የሚመለከተው አልነበረም፤ ባቡሩ እንኳ ገና አዲስ አበባ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ትራንስፖርት አንዴ ከፖስታና ከስልክ፣ አንዴ ከግንባታ ጋር ሲጣመርና ሲፋታ ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. በመሠረተ ልማት ሚኒስቴር ውስጥ ተጠቀለለ፤ በ1998 የትራንስፖርትና መገናኛ ተባለ፤ በ2003 ትራንስፖርት ብቻ ሆነ፤ በ2014 ሎጂስቲክስ ተጨመረበት። ታፔላው በተለወጠ ቁጥር ማኅተሙም ደብዳቤውም ይለወጣል፤ መርከቦቹን የሚመለከተው ክፍል ግን ሥራውን ይዞ ይቀጥላል።

የባሕሩ ክፍል የተወለደው ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ነው። ምጽዋና አሰብ በእጅ ገቡ፤ ወደብ ካለ ደግሞ ሕግ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. ከፍትሐ ብሔሩና ከንግድ ሕጉ ጋር በአንድ ዓመት የባሕር ሕግ ታወጀ። በ1956 የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ተቋቋመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም መርከቦቹ ሥራ ጀመሩ።

በ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ነጻነት ሲረጋገጥ የባሕር ጠረፉ ሄደ። ባሕር ኃይሉም ትንሽ ቆይቶ ፈረሰ። የባሕር ሕጉ ግን አልተሻረም፤ ንግድ መርከቡም አልተዘጋም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ወደብ ከሌለ ባንዲራ በምን መብት ይውለበለባል?» ይላል። ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልስ ያገኘውም ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አውሮፓ ውስጥ ባሕር የሌላቸው አዳዲስ አገሮች ተፈጠሩ። ኦስትሪያና ሃንጋሪ ተለያይተው ጠረፋቸውን አጡ፤ ቼኮዝሎቫኪያ ያለ ጠረፍ ተወለደች። እነዚህ አገሮች መርከብ ቢገዙ የማን ባንዲራ ይሰቀልባታል? ከዚያ በፊት ትልልቆቹ መንግሥታት ጥያቄውን በቀላሉ ነበር የሚዘጉት፤ ወደብ የሌለው መንግሥት መርከቡን የሚቆጣጠርበት ቦታ ስለሌለው ባንዲራም አይገባውም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 1921 በባርሴሎና ጉባኤ የወጣው መግለጫ ይህን ክርክር ቆረጠው። ጠረፍ የሌለው አገር በግዛቱ ውስጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ሰይሞ መርከቦቹን እዚያ ከመዘገበ ባንዲራው ይከበርለታል፤ ያም ቦታ የመርከቦቹ የመመዝገቢያ ወደብ ሆኖ ይቆጠራል ይላል። ውሃ መኖር አለበት አይልም። መልሕቅ የሚጣልበት ይሁን አይልም። የሚጠይቀው መዝገብና ቦታ ብቻ ነው።

«አዲስ አበባ» የሚለው ጽሑፍ ትርጉም ይኸው ነው። መርከቧ ላይ ወንጀል ቢፈጸም፣ ባሕረኛ ደመወዝ ቢከለከል፣ ባለቤትነቷ ቢያከራክር፣ ባንክ በዋስትና ቢይዛት መነሻው የማን መዝገብ እንደሆነ ያመለክታል። በክፍት ባሕር ላይ ያለች መርከብ በመርህ ደረጃ የምትተዳደረው ባንዲራዋን በምትሰቅልለት አገር ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም በ90ኛው አንቀጹ መብቱን ደግሞታል፤ ጠረፍ ያለውም የሌለውም አገር በባንዲራው መርከብ ማሰማራት ይችላል።

በዚህ ረገድ ብቻችንን አይደለንም። ስዊዘርላንድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ እህሏ ባሕር ላይ እንዳይቀር ስትል በራሷ ባንዲራ መርከብ ማሰማራት ጀመረች፤ መርከቦቿ ላይ የሚጻፈው ባዝል ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ደግሞ ፕራግ ብላ ትጽፍ ነበር። ስዊስ ላይ ሳይስቅ አዲስ አበባ ላይ የሚስቅ ሰው ሳገኝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከነክነኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቸግረኝ ነገር ሰው ባለሥልጣኑንና መርከቦቹን የሚያሠራውን ድርጅት መቀላቀሉ ነው። ባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 549 የማሪታይም ጉዳይ ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ አሁን የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይባላል። መርከቦቹን የሚያሽከረክረው ሌላ ነው። ነባሩ ንግድ መርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎት ድርጅት እና የደረቅ ወደብ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ተዋህደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆኑ። ኮንቴይነሩ የጠፋበት ሰው ተቆጣጣሪው ደጃፍ ሄዶ ይጮኻል፤ ፈቃድ የሚፈልገው ደግሞ ለገሃር ድርጅቱ ጋ ተሰልፎ ይውላል። ታፔላ ማንበብ ምን ይከብዳል?

መርከቦቹን ካነሣሁ አይቀር፣ ቻይና ውስጥ ተሠርተው በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. የገቡት ዘጠኙ ከተማችንን ዓለም ላይ ይዘው የዞሩ ናቸው። ሁለቱ የነዳጅ ታንከሮች ነበሩ፤ ሰባቱ እያንዳንዳቸው 28,000 ቶን ገደማ የሚጭኑ ሁለገብ መርከቦች። መቀሌ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ሰመራ፣ ፊንፊኔ ተብለው ተሰይመዋል። አንዱም ከተማ ባሕር የለውም፤ ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

አስመጪው ግን ስለ መርከቧ ስም ግድ የለውም፤ እሱ የሚያውቀው ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚቆጥረውን፣ ዲሜሬጅ የሚባለውን ዕዳ ነው። እዚህ ላይ ለጓደኞቼ የምለውን ልድገመው። መልቲሞዳል ማለት ዕቃው ከተጫነበት ወደብ ተነሥቶ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት ይመጣል ማለት ነው። ዩኒሞዳል ከሆነ መርከቧ ጅቡቲ ላይ ታራግፋለች፤ የቀረው የአስመጪውና የትራንዚተሩ ጣጣ ነው። ልዩነቱን ሳይጠይቅ የሚፈርም ነጋዴ አለ። አንድ የማውቀው አስመጪ ስልክ ባነሣ ቁጥር «መርከቡ ገደለኝ» ይለኝ ነበር። አብሬው ሞጆ ሄድኩ፤ ኮንቴይነሩ በር አካባቢ ተደርድሮ ቆሟል። የጎደለው ከባንኩ መውጣት የነበረበት ሰነድ ነው፤ ያንን ሰነድ ደግሞ እሱ ራሱ ሄዶ አልተቀበለም። መርከቧ ያን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሌላ ጭነት ይዛ እየተመለሰች ነበር። ዕቃህ ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ሰነድህ አዲስ አበባ ይድረስ፤ ዲክላራሲዮኑን ትራንዚተሩ እንዲያሰናዳ ቀደም ብለህ ስጠው። በኪራይ ላይ ያለ ኮንቴይነር አንተ ስትተኛ አይተኛም።

የባሕረኞቹ ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ባጭሩ፣ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ባለው የማሪታይም አካዳሚ ሠልጥነው የውጭ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ ቢሾፍቱም የባቦጋያ አካዳሚ አለ። በሐይቅ ዳር የተማረ ልጅ አትላንቲክን ሲያቋርጥ የሚይዘው ምስክር ወረቀት የዚያው ባለሥልጣን ፊርማ ያለበት ነው።

ሐይቅ ካልኩ ዘንድ፣ ብዙዎች የሚዘነጉት የባለሥልጣኑ ሥራ የአገር ውስጥ ውሃ ትራንስፖርት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ ድልድይና ዳገት እያስጨነቃት፣ ወራት ፈጅታ ባሕር ዳር ስትገባ አገር ወጥቶ አየ፤ ወሬውም ስለ ግዝፈቷ ብቻ ነበር። ከጎኗ ደግሞ በየቀኑ ገዳማቱን ለማሳየት የሚመላለሱት ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። በአንዷ ስሄድ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ ከነላስቲካቸው መቀመጫ ሥር ተጠቅጥቀው አየሁ። አንዱን አውጥቼ ስለብስ አጠገቤ የነበሩት «ፈራህ እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ ጀልባ ነጂውም አብሯቸው ሳቀ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ምን እንደሚመስል የዘጌ ሰው ይንገራችሁ። ስትሳፈሩ ጀልባዋ ፈቃድ እንዳላት ጠይቁ፣ ጃኬቱን ከላስቲኩ አውጥታችሁ ልበሱ፤ ነጂው ቅር ቢለው ይለው።