ቱርቦ ያለው ሞተር ጉልበት ሲያጣ

ዕቃ ከመለወጥ አስቀድሞ ምርመራ ማስፈለጉ

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው የአስመጪዎች ዕቃ ጋላፊን፣ ሚሌን፣ አዋሽንና አዳማን አልፎ አዲስ አበባ የሚደርሰው፣ የላኪዎችም ቡናና የቅባት እህል ወደ ባሕር የሚወርደው፣ ከምድር ባቡሩ ድርሻ በቀር በካሚዮን ጀርባ ነው። ባለሱቁም ከመርካቶ የገዛውን ዕቃ ወደየአገሩ የሚያደርሰው እንደዚሁ በመኪና ነው። ስለዚህ የአንድ ሞተር በዳገት ላይ መንተፋተፍና ጉልበት ማጣት የሹፌሩና የመካኒኩ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ዕቃው በቀኑ ካልደረሰ ውል ይፈርሳል፤ መርከብ ያመልጣል፤ የነዳጁም ወጪ ይበዛል።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚህም የተነሣ ቀደም ብለው የገቡት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች በጥገና ረጅም ዕድሜ እንዲሰጡ ግድ ሆኗል። በእነዚህ መኪናዎችም ሆነ በጭነት መኪናዎች ላይ ጥቂት የማይባሉት ሞተሮች ቱርቦ ያላቸው ስለ ሆኑ፣ የበሽታቸውን አመጣጥ ማወቅ መለዋወጫ ለሚያስመጣው፣ ለሚሸጠውና ለሚገዛው ሁሉ ጥቅም አለው።

የቱርቦ ሥራ

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ትናንሽ መዘውሮች ማለት ነው። አንደኛውን መዘውር ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ይገፋዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ንጹሕ አየር እየሳበና እየጨመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። አየር በበዛ መጠን ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚቻል፣ ትንሹ ሞተር የትልቁን ሥራ ይሠራል። ዘንጉ በደቂቃ ከመቶ ሺሕ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚሽከረከረውም በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው።

ይህን አሳብ በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1905 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለአውሮፕላን ሞተር የሠራውን ቱርቦ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። ወደ ተራራው የወጣበትም ምክንያት፣ በከፍታ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር እንደሚደክም በመታወቁ ነው። በቤት አውቶሞቢል ላይ ቱርቦ ተገጥሞ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ እነዚህም የአሜሪካ መኪናዎች ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌት ኮርቬር ነበሩ።

የሞስ ፈተና ለኢትዮጵያ ደጋ ቅርብ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ስፍራ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ለመሸፈን ዘንጉ በቆላ ከሚዞረው ይበልጥ መዞር አለበት። እንግዲህ በአዋሽ ሜዳ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ትንሽ የአየር ቀዳዳ፣ መኪናው ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ይገለጣል። ሹፌሮች «ቆላ ላይ ደኅና ነበረ፤ ዳገት ላይ ከዳኝ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሞተሩ ጉልበት ባጣ ጊዜ ሁሉ «ቱርቦው ሞቷል» ብሎ አዲስ መግዛት ብዙ ገንዘብ ያጠፋል። ቱርቦ ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ዋጋው የከበደ በመሆኑ፣ መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ሹፌሩን መጠየቅ ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ሲሞቅ? በባዶ ነው ወይስ በጭነት? የጀመረው ነዳጅ ከተቀዳ በኋላ ነው ወይስ ከጥገና በኋላ? ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ድንገት ጉልበቱ ጠፍቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ የሞተሩ ኮምፒዩተር ከጉዳት ለመጠበቅ ሲል ኃይሉን እንደ ቀነሰ ያመለክታል። ቀስ በቀስ የመጣ ድካም ግን ብዙውን ጊዜ የመደፈን ምልክት ነው።

ቀጥሎ የጭሱ መልክ ይታያል። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ይናገራል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ የራዲያተር ውሃ መኖሩን ያስጠረጥራል። ጭስ ሳይበዛ ጉልበት ብቻ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ነዳጁ በበቂ መጠን አለመድረሱ ሊታሰብ ይገባል።

ሦስተኛው የአየር መንገድ ነው። በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ሞተሩን ያንቃል። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ከቱርቦው ወደ አየር ማቀዝቀዣው፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸውን መመርመር ያስፈልጋል። የቱቦው ስንጥቅ ሞተሩ በቆመበት ሲነሣ ተገጥሞ ይቆይና፣ ጭነት መጥቶ ግፊት ሲበዛ ብቻ ይከፈታል። በዚያን ጊዜ የፉጨት ወይም የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፤ በቱቦው ላይም ዘይትና አቧራ የተቀላቀለበት እድፍ ይታያል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የአየር መግቢያው ተዘግቶ ከኮምፕሬሰር በመጠኑ አየር ይሰጠዋል፤ በመገጣጠሚያዎቹም ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው የፈላበት ስፍራ ቀዳዳው ነው። የሚሰጠው ግፊት ግን ሞተሩ በሥራ ላይ ከሚያገኘው መብለጥ የለበትም።

አራተኛው ነዳጁና እሳቱ ነው። በናፍጣ ሞተር የነዳጅ ፊልትሮ መታፈን፣ በናፍጣው ውስጥ ውሃ መግባትና የኢንጀክተር መበላሸት ይመረመራሉ። በቤንዚን ሞተር ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። አየሩ በተጨመቀ ቁጥር የካንዴላው እሳት ለመዝለል የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ስለዚህ ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ወይም የደከመ ቦቢና በቀስታ ጉዞ ላይ ደኅና መስሎ፣ ቱርቦው ግፊት ሲጀምር እሳቱ ይቆረጣል፤ መኪናውም ይንተፋተፋል። ጥፋቱ በቱርቦው ላይ የተላከከበት ይህ በሽታ በጥቂት ብር የሚድን ነው።

አምስተኛው ትርፍ ጭስ የሚያሳልፈው የቱርቦው ትንሽ በርና እርሱን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው። በሩ እንደ ተከፈተ ከቀረ ግፊት አይፈጠርም፤ እንደ ተዘጋ ከቀረ ደግሞ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ኮምፒዩተሩ ኃይሉን ይቆርጣል። የተሰነጠቀች አንዲት ቀጭን ቱቦ ይህን ሁሉ ልታመጣ ትችላለች። የጭስ ማውጫውም መንገድ በጥቀርሻ የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ መተንፈስ ስለማይችል በፍጥነት ላይ ይደክማል።

ስለ ኮምፒዩተር ምርመራ

መሣሪያው የሚያወጣው ቁጥር የበሽታው ምልክት ስም እንጂ የተበላሸው ዕቃ ስም አይደለም። ፒ 0299 የሚለው ቁጥር «ግፊቱ ከሚጠበቀው አንሷል» ማለት ነው፤ ምክንያቱ ግን የቱቦ ቀዳዳ፣ የፊልትሮ መታፈን ወይም የበሩ አለመዘጋት ሊሆን ይችላል። ፒ 0234 ግፊቱ መብዛቱን፣ ፒ 0300 ደግሞ እሳቱ በልዩ ልዩ ሲሊንደሮች መሳቱን ይናገራል። ቁጥሩን አይቶ በዚያው ቅጽበት ዕቃ የሚያዝ መካኒክ ምርመራውን ገና አልጀመረም።

ቱርቦው ራሱ ሲጠረጠር

ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦው ተፈትቶ መዘውሩ በእጅ ይነካል። ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ ዘይት በሌለበት ጊዜ የተለመደ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ በእጅ የሚታወቅ መላወስ ካለው፣ ክንፎቹ ቤቱን ከነኩ፣ ወይም ከተሸራረፉ ግን በእርግጥ ተጎድቷል። ይሁን እንጂ ቱርቦ ያለ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይሞትም። የሚገድሉት የቆሸሸ ዘይት፣ የዘይት ማነስና በፊልትሮው በኩል ሾልኮ የገባ ባዕድ ነገር ናቸው። ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቧንቧ ሳይጸዳና ዘይቱ ሳይለወጥ አዲስ ቱርቦ የገጠመ ሰው፣ አሮጌውን የገደለውን በሽታ ለአዲሱ አወረሰው ማለት ነው። የዚህም ውጤት ገዢው በሻጩ፣ ሻጩም በአስመጪው ላይ የሚያነሡት ክርክር ነው።

ለነጋዴዎች የሚጠቅመው

ከዚህ በላይ ከተገለጸው መረዳት እንደሚቻለው፣ ሞተሩን ብዙ ጊዜ የሚያድኑት ዕቃዎች ዋጋቸው ትንሽ የሆኑት ናቸው። አስመጪው ከቱርቦው ጋር ለየሞተሩ ተስማሚ የሆኑትን የጎማ ቱቦዎች፣ ማሰሪያዎች፣ ፊልትሮዎች፣ ካንዴላዎችና ቦቢናዎች ቢያስመጣ ዕቃው ቶሎ ቶሎ ይዞርለታል፤ ደንበኛውም መኪናውን ሳምንት ሙሉ አያቆምም።

የመለዋወጫ ባለሱቅ ቱርቦ ከመሸጡ በፊት በአሮጌው ቱርቦ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መመልከትና የተደረገውን ምርመራ መጠየቅ ይገባዋል። ሁለት ቱርቦዎች በመልክ አንድ ሆነው በመጠን ሊለያዩ ይችላሉና። ዘይት የሚሸጠውም ምንጩ ያልታወቀ ዘይት በደንበኛው ሞተር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊያስብ ይገባዋል።

የመኪና ባለቤት የሆነ ነጋዴ ደግሞ ከጋራዡ የተደረገውን ምርመራ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ ይረከብ። የዘይትና የፊልትሮ መለወጫ ቀን በመዝገብ ይያዝ። ከከባድ ጉዞ በኋላ ሹፌሩ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፋ ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ እንዲያዞረው ይታዘዝ፤ ይህም የጋለው ዘንግ ዘይት አግኝቶ እንዲበርድ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ትዕግሥትና አንድ የመዝገብ ደብተር ነው፤ የሚያድነው ግን የአንድ ቱርቦ ዋጋና በመንገድ ላይ የሚቀር ጭነት ነው።