«ባርቆ ነው» ከመባሉ በፊት

የጦር መሣሪያ በሕዝብ መካከል የሚታይባቸው አጋጣሚዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። በባንክና በመሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከገጠር ወደ ከተማ በሚመላለስ አውቶቡስ የተሳፈረ ታጣቂ፣ በሠርግና በለቅሶ ቦታ ጠመንጃውን አንግቶ የሚገኝ እንግዳ ለብዙዎቻችን የተለመዱ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ አጋጣሚዎች ግን የመሣሪያው አፈሙዝ ወዴት እንደዞረ ልብ የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም።

አንድ መሣሪያ ሳይታሰብ ሲተኮስ «ባረቀ» ይባላል። በሰው ላይ ጉዳት ከደረሰ በኋላም «ሆን ብሎ አይደለም፣ ባርቆበት ነው» የሚለው አነጋገር ተደጋግሞ ይሰማል። ቃሉ ድርጊቱን ለመሣሪያው እንጂ ለሰው አይሰጥም። መብረቅ እንደ ወረደ፣ ጎርፍ እንደ መጣ ሁሉ ማንም ሊያስቀረው የማይችል አደጋ የደረሰ ያስመስላል። የተኩስ አሠልጣኞች ግን ነገሩን በዚህ መልክ አይመለከቱትም። በእነርሱ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ «ባረቀ» ከሚባለው ተኩስ ጀርባ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተገጣጥመው ይገኛሉ። ጥይት የጎረሰ መሣሪያ፣ ቃታ ላይ ያረፈ ጣትና ወደ ሰው የዞረ አፈሙዝ ናቸው። ከሦስቱ የመጨረሻው ቢጎድል እንኳ ጥይቱ ይተኮሳል እንጂ ሰው አይሞትም። የአፈሙዝ አቅጣጫ ከሌሎቹ የጥንቃቄ ሕጎች ሁሉ በፊት የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዓለም ዙሪያ በተኩስ ማሠልጠኛዎች የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው በአራት ሕጎች ላይ ያተኩራል። ሕጎቹን በአጭሩ አቀናብሮ በማስተማር የሚታወቀው የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር መኮንን የነበረው ጄፍ ኩፐር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሪዞና ግዛት የተኩስ ማሠልጠኛ ተቋም መሥርቷል። የመጀመሪያው ሕግ ማንኛውም መሣሪያ ሁልጊዜ ጥይት እንደ ጎረሰ ሊቆጠር ይገባል ይላል። ሁለተኛው አፈሙዙን ለማጥፋት ወዳልፈለጉት ነገር በፍጹም አለማዞር ነው። ሦስተኛው ዒላማው ላይ እስኪነጣጠር ድረስ ጣትን ከቃታው ማራቅ ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ ዒላማውንና ከዒላማው ኋላ ያለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው።

አራቱ ሕጎች የተሠሩት አንዱ ሲጣስ ሌላው እንዲያድን ተደርጎ ነው። መሣሪያው ባዶ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው አፈሙዙን ወደ ሰው ካላዞረ ስሕተቱ በድንጋጤ ብቻ ያበቃል። ጣቱን ቃታ ላይ የዘነጋም እንዲሁ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት የሚጠፋው ቢያንስ ሁለቱ ሕጎች በአንድ ላይ ሲጣሱ ነው።

ለአደጋ መንሥኤ ከሚሆኑት መካከል «ጥይት የለውም» የሚለው እምነት ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል። በአገራችን በስፋት የሚታወቀውን ክላሽንኮቭን እንውሰድ። የመሣሪያው ካዝና 30 ጥይት ይይዛል። ብዙ ሰዎች ካዝናውን ሲነቅሉ መሣሪያው ባዶ የሆነ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ቀደም ሲል ተቀባብሎ ከነበረ አንዲት ጥይት በውስጡ ጎርሳ ትቀራለች። ካዝናው ተነቅሎ በእጅ እየታየ እንኳ ቃታው ከተሳበ ይህች ጥይት ትተኮሳለች።

መሣሪያን ባዶ የማድረግ ቅደም ተከተልም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ትክክለኛው አሠራር አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ፣ ጣትን ከቃታው አርቆ፣ በቅድሚያ ካዝናውን መንቀል ነው። ከዚያም የማቀባበያውን እጀታ ወደ ኋላ ስቦ የጎረሰችውን ጥይት ማውጣት፣ በመጨረሻም ውስጡን በዓይን አይቶ በጣትም ዳስሶ ማረጋገጥ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም በቅድሚያ እጀታው ተስቦ በኋላ ካዝናው ከተነቀለ፣ የመጀመሪያዋ ጥይት ስትወጣ ሁለተኛዋ ከካዝናው ተተክታ ትጎርሳለች። መሣሪያውን የያዘው ሰው ጥይት ስትወጣ በዓይኑ ስላየ ባዶ አድርጌዋለሁ ብሎ ያምናል። መሣሪያው ግን እንደ ቀድሞው ለመተኮስ ዝግጁ ነው።

በክላሽንኮቭ ቀኝ ጎን ያለው መቆለፊያም ቢሆን ብቻውን መተማመኛ ሊሆን አይችልም። መቆለፊያው ከላይ ሲሆን መሣሪያው ይዘጋል፣ መሐል ላይ ሲሆን በተከታታይ ይተኩሳል፣ ከታች ሲወርድ ደግሞ አንድ በአንድ ይተኩሳል። ለመተኮስ መቆለፊያውን ወደ ታች ማውረድ ብቻ ስለሚበቃ በሕዝብ መካከል ጥይት ያጎረሰ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ከነመቆለፊያውም ቢሆን ለአደጋ መጋበዝ ነው። በሌላ በኩል አሮጌና ጥገና ያልተደረገላቸው አንዳንድ መሣሪያዎች ሲወድቁ ወይም በኃይል ሲነኩ ቃታቸው ሳይሳብም ሊተኮሱ ይችላሉ። በእንዲህ ያለው ሁኔታ የሰውን ሕይወት የሚያተርፈው የአፈሙዙ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል።

ጣትን ቃታ ላይ ማሳረፍ አደገኛ የሚሆነው ሰውየው መተኮስ ስለሚፈልግ አይደለም። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲደናቀፍ ወይም ሊወድቅ ሲል እጁ ሳያዝዘው ይጨበጣል። አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ በሠርግ ጭፈራ መካከል ጎረምሶች ሲጋፉ፣ ወይም የጥበቃ ሠራተኛው ካንቀላፋበት ባንኖ ሲነሣ ጣቱ ቃታው ላይ ከነበረ ተኩሱ ከሐሳቡ ይቀድማል። በመሆኑም ጣት ከቃታው በላይ በመሣሪያው ጎን ተዘርግቶ እንዲያርፍ ማልመድ ያስፈልጋል።

የመሣሪያ ልምድ ያለው ሰው አይሳሳትም የሚለው አስተሳሰብም በተግባር ውድቅ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት «ረስት» የተሰኘው ፊልም ሲዘጋጅ የደረሰው አደጋ ለዚህ አስረጅ ነው። ተዋናዩ አሌክ ባልድዊን በልምምድ ላይ ይዞት የነበረው ሽጉጥ ባዶ መሆኑ በቀረጻው ቦታ ተነግሮ ነበር። ሆኖም በውስጡ እውነተኛ ጥይት ኖሮ ተተኮሰና የፊልሙ የካሜራ ባለሙያ ሕይወቷ ሲያልፍ ዳይሬክተሩ ቆሰለ። በፊልሙ ሥራ ላይ የመሣሪያዎቹ ኃላፊ የነበረችው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብላለች። በተዋናዩ ላይ ቀርቦ የነበረው ክስ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በፍርድ ቤት ተዘግቷል። መሣሪያው በብዙ እጅ አልፎ ነበር። «ባዶ ነው» የሚለው ቃል ከእያንዳንዱ እጅ ወደሚቀጥለው ሲተላለፍ በዓይኑ ያረጋገጠ ሰው ግን አልተገኘም።

አፈሙዝን ወደ ሰማይ ማዞር መፍትሔ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። በሠርግ፣ በለቅሶና በበዓላት ቀን ወደ ሰማይ መተኮስ በበርካታ አካባቢዎች የክብር መግለጫ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ወደ ላይ የተተኮሰች ጥይት ሁሉ ተመልሳ ትወርዳለች። ከክላሽንኮቭ አፈሙዝ የምትወጣ ጥይት በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ትበራለች። ቀጥ ብላ የወጣች የጠመንጃ ጥይት በምትወርድበት ጊዜ የአየሩ ግፊት ፍጥነቷን ይቀንሰዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ በአሜሪካ ጦር የተደረጉ ሙከራዎች በጊዜው የነበረው የጠመንጃ ጥይት በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ፍጥነት መሬት እንደሚደርስ አሳይተዋል። የሰውን ቆዳ ለመብሳት በሰከንድ 60 ሜትር ያህል እንደሚበቃ ሲታሰብ ይህ ፍጥነት ቀላል አይደለም።

በድግስ ላይ የሚተኩስ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ቀጥ አድርጎ አይተኩስም። አፈሙዙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በዚህ ሁኔታ የተተኮሰች ጥይት ፍጥነቷን ይበልጥ ይዛ ልትወርድ የምትችል ሲሆን፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ በማታውቀው ሰፈር ልታርፍ ትችላለች። ተኳሹ ዘፈኑን ሲቀጥል በሌላ መንደር ምን እንደደረሰ አያውቅም። ጥይቷ የማን እንደሆነች ማወቅም አስቸጋሪ በመሆኑ ተጎጂው ፍትሕ የማግኘት ዕድሉ የመነመነ ነው።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2004 አዲስ ዓመት በተከበረበት ሌሊት በፖርቶ ሪኮ በደስታ ተኩስ 19 ሰዎች መመታታቸውንና ከእነርሱም አንዱ መሞቱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከል በወቅቱ ባወጣው ዘገባ አስታውቋል። በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1999 በቤቷ ጓሮ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ጥይት ተመትታ ሞታለች። የቤተሰቧ ጥረት ታክሎበት በቀጣዩ ዓመት በከተማ ክልል ውስጥ በቸልተኝነት መተኮስን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ በግዛቲቱ ወጥቷል።

በአገራችንም ጉዳዩ ከሕግ ውጭ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። እንደ ሐኪምና ሾፌር የሌላውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን እስራቱ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ ደንብ አውቆ የጣሰ እንደሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው «ባርቆብኝ ነው» የሚለው ቃል ሆን ተብሎ አለመፈጸሙን ሊያስረዳ ቢችልም ተናጋሪውን ከተጠያቂነት የማያድነው መሆኑን ነው።

ሕግ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሚደርሰው ልማድ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ በወንበር ሲቀመጥ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አፈሙዙን ወደ ተሰለፈው ተገልጋይ ማዞር የለበትም። አሠሪው ድርጅትም መሣሪያ ሰጥቶ በር ላይ ከማቆም ባለፈ ሥልጠና የመስጠትና አያያዙን የመከታተል ኃላፊነት አለበት። በአውቶቡስ የሚሳፈር ባለመሣሪያ ከመሳፈሩ በፊት ሰው በሌለበት ቦታ ጥይቱን አውጥቶ ካዝናውን መንቀል ይኖርበታል። በጉልበት መካከል ጠመንጃ አቁሞ አገጭን አፈሙዝ ላይ ማስደገፍ ደግሞ በአገር አቋራጭ ጉዞ አልፎ አልፎ የሚታይ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው።

በእንግድነት ወደ ሰው ቤት የሚገባ መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ሕፃናት በማይደርሱበት ሥፍራ እንዲቀመጥለት ማድረግ ይገባዋል። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ የክላሽንኮቭ ጥይት እንደማያግዱ መዘንጋት የለበትም። በቤት ውስጥ አፈሙዝን ወደ ግድግዳ ማዞር ወደ ጎረቤት መኝታ ቤት ማዞር ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ለሰው ሲቀበልም ሰጪው ባዶ መሆኑን አሳይቶ መስጠት፣ ተቀባዩም ለራሱ አይቶ መቀበል ይኖርባቸዋል። የተቀባዩ ማረጋገጥ ሰጪውን እንደ መጠርጠር ሊቆጠር አይገባም። በሞባይል ስልክ ፎቶግራፍ ለመነሣት መሣሪያ ወደ ባልንጀራ ወይም ወደ ካሜራው ማነጣጠርም ከቀልድ የሚቆጠር አይደለም።

ከሁሉም በላይ መለወጥ ያለበት ይሉኝታው ነው። በባንክ ሰልፍ ላይ አፈሙዝ የዞረበት ሰው ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ፈሪ እንዳይባል ወይም ባለመሣሪያውን እንዳያስቀይም ነው። «ወንድሜ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርግልን»፣ በዕድሜ ለገፉትም «አባቴ፣ አፈሙዙን ዞር ያድርጉልን» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለመሣሪያውም ቢሆን «አትፍራ፣ ባዶ ነው» ብሎ ከመመለስ ይልቅ አፈሙዙን አዙሮ ይቅርታ መጠየቅ ይገባዋል። መሣሪያ የጀግንነትና የክብር ምልክት ተደርጎ በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ የባለመሣሪያ ጨዋነት ሊለካ የሚገባው በተኩሱ ድምፅ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ሰዎች ያለ ሥጋት መቀመጥ በመቻላቸው ነው።