አንድ ሥጋ፣ ሦስት አትክልት

በአሜሪካ አገር በደቡቡ ክፍል አንድ ዓይነት ምግብ ቤት አለ። የአገሩ ሰው «ሥጋና ሦስት» ይለዋል። ስሙን ስንሰማ ግራ ይገባናል። ሦስት ምን? ሦስት አትክልት ማለት ነው። በላተኛው አንድ የሥጋ ምግብ ይመርጣል። ከዚያ ሦስት የአትክልት ምግብ ያስጨምርበታል። ዳቦው ከዚያው ጋር ይመጣል። በቃ፣ ምሳ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ ስለዚህ ቤት እናወራለን። ወሬው ግን የምግብ ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማን ይቀመጥ፣ ማን አይቀመጥ በሚል ነገር ሰዎች ታስረዋል። ከሥራ ተባረዋል። ጉዳዩም እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን።

መጀመሪያ ግን እንብላ። እስቲ ገብተን እንሰለፍ።

ቤቱ ብዙ ጌጥ የለውም። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። የዕለቱ ምግብ በጠመኔ ተጽፎበታል። ማንበብ የቻለ ከሰሌዳው ይመርጣል። ያልቻለም አይቸገርም። ምግቡ ከፊቱ ነው፣ በጣቱ ያሳያል። ትሪያችንን አንስተን ቀስ እያልን እንራመዳለን። ከመስተዋቱ ወዲያ ትልልቅ የብረት ሳህኖች በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ተደርድረዋል። ጭልፋ የያዘችው ሴት «ምን ላድርግልህ የኔ ማር?» ትላለች። የምታውቀውንም የማታውቀውንም እንዲሁ ነው የምትጠራው።

ሥጋው በየቀኑ ይለያያል። በዱቄት ተለውሶ በዘይት የተጠበሰ ዶሮ ግን ከብዙዎቹ ቤቶች አይጠፋም። ዓርብ ዕለት ዓሣ የሚያቀርቡ ብዙ ናቸው። ከአትክልቱ በኩል የተቀቀለ ጎመን፣ ባሚያ፣ ስኳር ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ባቄላ አለ። ማካሮኒ በአይብም አለ። ማካሮኒ እዚያ ከአትክልት ይቆጠራል! አዎ፣ ማካሮኒ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም አንከራከርም።

ዳቦው ከበቆሎ ዱቄት የተጋገረ ነው። ካልሆነም በአሬራ የተቦካ ትንሽ ለስላሳ ዳቦ ነው። አዎ፣ አሬራ ነው ያልነው። ቅቤው ወጥቶለት የሚቀረውን ወተት እነሱም እንደኛ ያውቁበታል። መጠጡ ሻይ ነው፣ ግን ትኩስ አይደለም። ስኳሩ በዝቶ፣ በረዶ ተጨምሮበት በረጅም ብርጭቆ ይቀርባል። ሻይ በበረዶ መጠጣት ለኛ ሰው ቀልድ ይመስላል። የደቡብ ሙቀት ግን ቀልድ አይደለም።

ይህ ምግብ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነገሩ ወደኛም ይጠጋል። ባሚያ የአፍሪካ ተክል ነው። የጋምቤላና የቤኒሻንጉል ወገኖቻችን ወጡን በደንብ ያውቁታል። ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት አተር አለ። «ጥቁር ዓይን አተር» ይሉታል። እሱም የአፍሪካ ዘር ነው። ማሽላም እንዲሁ። ማሽላን መጀመሪያ ዘር አድርጎ ያለማው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ገበሬ ነው። የደቡብ አሜሪካኖች ጥንቅሹን ይጨምቁታል። ጭማቂውን በትልቅ ብረት ምጣድ ላይ አፍልተው እንደ ማር ያወፍሩታል። ከዚያ ዳቦ ላይ ያፈሱታል። እኛ ልጆች ሳለን አኝከን የምንተፋውን አገዳ እነሱ እንዲህ አድርገውታል።

ከእነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከባሪያ ንግድ ጋር ነው። ከአፍሪካ በግድ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎች እዚያ ዘሩን ዘሩት፣ አበሰሉት። በጌታው ኩሽና ያበሰሉትም እነሱው ነበሩ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። ጎመኑ ከአፍሪካ የሄደ አይደለም፣ ከአውሮፓውያን ጋር የገባ ነው። ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅሎ መረቁን አለመድፋት ግን የእነዚያ አብሳዮች ሙያ ነው። መረቁ ይጠጣል። የበቆሎ ዳቦም ይነከርበታል። በድሃ ቤት ይህ መረቅ ብቻውን እራት የሆነበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን እንንገራችሁ። ጎመኑ ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ስለዚህ ጎመን ነው ብሎ የጾም ምግብ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። እስላሙም ክርስቲያኑም አገራችን ሰው እዚያ ሲሄድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በአትላንታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያንኑ ጎመን ከገበያ ገዝተው በነጭ ሽንኩርትና በዘይት በራሳቸው መንገድ ይሠሩታል። በአሜሪካ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጎመን ብላችሁ ስታዙ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የደቡቦቹ ጎመን ነው።

እንዲህ ያሉ ቤቶችን ያቆሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ሳቫና የሚባል ከተማ አለ። ወይዘሮ ሴማ ዊልክስ በ1943 እዚያ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ያዙ። ምግቡ ከአልጋው በላይ ስም አወጣ። በዚያ ቤት ሰው ለብቻው አይበላም። አሥር አሥር እየሆኑ ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ምግቡ በሳህን ሳህን ይመጣል። «እባክህ ጎመኑን ወደዚህ አቀብለኝ» እየተባባሉ ይበላሉ። በልቶ የጨረሰ የበላበትን ሳህን ራሱ ወደ ማድ ቤት ያደርሳል። በአንድ መሶብ ለሚበላ ሰው ይህ ብዙም አይደንቅም። ፈረንጅ ግን ለዚህ ሲል ከደጅ ይሰለፋል። ወይዘሮ ዊልክስ በ2002 ሞቱ።

በአትላንታ ደግሞ በ1945 የተከፈተ የሜሪ ማክ ሻይ ቤት አለ። ስሙ ሻይ ቤት ይሁን እንጂ ሙሉ ምሳ የሚበላበት ነው። በዚያ ዘመን ሴት «ሻይ ቤት ከፈተች» ቢባል ጨዋነት ነበር። «ምግብ ቤት ከፈተች» ከሚለው ይልቅ ለጆሮ ይሻል ነበር። በዚህ ቤት ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ አለ። አስተናጋጇ ትእዛዝ አትጽፍም። ወረቀትና እርሳስ ለበላተኛው ትሰጠዋለች። የሚፈልገውን ራሱ ይጽፋል። ይህን ስንሰማ እኛ ደስ ብሎናል።

እንግዲህ ወደ በሩ እንመለስ።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ነጭና ጥቁር በአንድ ምግብ ቤት አብረው አይቀመጡም ነበር። በየበሩ «ለነጮች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አጭር ጽሑፍ ናት፣ ሁለት ቃል። ጥቁሩ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ቶሎ ከሚለያቸው ቃላት አንዷ እሷ ነበረች። ጥቁር ሰው ምግብ ከፈለገ በጓሮ በር ወይም በመስኮት ገዝቶ ቆሞ ይበላል። ወይም ጠቅልሎ ይሄዳል። የሚገርመው ምኑ ነው? ውስጥ ቆማ ዶሮውን የምትጠብሰው፣ ጎመኑን የምትቀቅለው ብዙ ጊዜ ጥቁር ሴት ነች። እጇ የሠራውን ምግብ እሷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ መብላት አትችልም።

በየካቲት ወር 1960 በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ በምትባል ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ዉልዎርዝ ወደሚባል ትልቅ ሱቅ ገቡ። አንዳንድ ዕቃ ገዙ። ሱቁ ገንዘባቸውን ተቀበለ። ከዚያ እዚያው ሱቅ ውስጥ ባለው የምሳ መደርደሪያ ሄደው ተቀመጡ፣ ቡና አዘዙ። አንሰጥም ተባሉ። እነሱም አልተነሡም። ሱቁ እስኪዘጋ ተቀመጡ። በማግስቱ ብዙ ሆነው መጡ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከዚያ በዙ። ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ታሰሩ። በግሪንስቦሮ ሱቁ እምቢታውን የተወው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ነው። በዚያ ቀን መጀመሪያ ተቀምጠው የበሉት ጥቁሮች እነማን ነበሩ? የዚያው የምሳ መደርደሪያ ሠራተኞች ናቸው።

በሐምሌ 1964 ሕግ ወጣ። ምግብ ቤት በቀለም ምክንያት ሰው መከልከል አይችልም ተባለ። ታዲያ በበርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ኦሊስ ባርቢኪው የሚባል የቤተሰብ ምግብ ቤት ይህን ሕግ አልቀበልም ብሎ ከሰሰ። ቤቱ 220 ሰው ያስቀምጣል። ሠራተኞቹ 36 ናቸው፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ጥቁሮች። ጥቁር በላተኛ ግን ከተከፈተበት ከ1927 ጀምሮ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ጠቅልሎ መውሰድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ባለቤቶቹ ያነሡት ክርክር እንዲህ ነው። «የእኛ ቤት የሰፈር ቤት ነው። መንገደኛ አይመጣብንም። የአገሪቱ መንግሥት ሥልጣኑ በክፍለ ሀገርና በክፍለ ሀገር መካከል ባለው ንግድ ላይ እንጂ በእኛ ድስት ላይ አይደለም» አሉ።

ዳኞቹ ድስቱን ከፍተው አዩ ማለት ይቻላል። ቤቱ ከሕጉ በፊት በነበረው አንድ ዓመት የገዛው ምግብ ተሰላ። ወደ 150,000 ዶላር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 69,683 ዶላሩ የሥጋ ዋጋ ነው። ሥጋውን የሸጠላቸው የከተማው ነጋዴ ነው። ነጋዴው ግን ያመጣው ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው። እንግዲያው ሥጋው ድንበር ተሻግሮ መጥቷል። ሥጋው ከተሻገረ ሕጉም ይሻገራል ማለት ነው። በታኅሣሥ 1964 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ምግብ ቤቱ ተሸነፈ። በሩም ተከፈተ። ሰውን ማክበር ትክክል ነው ብሎ መፍረድ ሲበቃ በሥጋ ዋጋ በኩል መዞሩ ለኛ ትንሽ ይገርመናል። ሕጉን የያዙት በዚያ በኩል ስለሆነ ግን ፍርዱ ጸና።

ጥቁሮቹም የራሳቸው ቤት ነበራቸው። በአትላንታ የፓስካል ወንድማማቾች በ1947 ምግብ ቤት ከፈቱ። መጀመሪያ ላይ ምግቡ በአንደኛው ወንድም ቤት ይበስል ነበር። መኪና ስለሌላቸው በታክሲ ወደ ሱቁ ይላክ ነበር። በኋላ ቤቱ ሰፋ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ጓደኞቻቸው የሚመክሩት በዚያ ነበር። በሰልፍ ምክንያት ታስረው የተፈቱ ልጆች እዚያ ይመጡ ነበር። ወላጆቻቸው ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። ለነዚያ ልጆች ምግቡ በነጻ ነበር።

ከሁሉ ግን የወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞርን ነገር ሳንነግራችሁ አናልፍም።

ወይዘሮ ጆርጂያ በሞንትጎመሪ፣ አላባማ ይኖሩ ነበር። በአንድ ምግብ ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። በዚያ ከተማ ጥቁር ሰው አውቶቡስ ሲሳፈር ከፊት ገብቶ ይከፍላል። ከዚያ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይደረጋል። አንድ ቀን ወይዘሮ ጆርጂያ ከፈሉ፣ ወረዱ። ወደ ኋላ በር ሳይደርሱ ሾፌሩ ጥሏቸው ሄደ። በታኅሣሥ 1955 የከተማው ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው አደሙ። አድማው 381 ቀን ቆየ። በዚህ ምክንያት ዶክተር ኪንግ ሲከሰሱ ወይዘሮ ጆርጂያ ፍርድ ቤት ቀርበው የሾፌሩን ነገር መሰከሩ። ወዲያው ከሥራቸው ተባረሩ። ዶክተር ኪንግም በቤትሽ አብስለሽ ለምን አትሸጪም ብለው አበረታቷቸው።

እሳቸው ግን ከዚያም በፊት ሥራ ጀምረዋል። የሰው ቤት አብሳዮችንና ሠራተኞችን አሰባስበው ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሴቶቹ በየቤታቸው ኬክና የተጠበሰ ዶሮ እየሠሩ ይሸጣሉ። ገንዘቡን ለአድማው ይሰጣሉ። በገንዘቡ የመኪና ቤንዚን ይገዛል። ሕዝቡ ወደ ሥራ የሚመላለስበት መኪና ማለታችን ነው። ስማቸው ቢታወቅ ነጮቹ አሠሪዎቻቸው ያባርሯቸዋል። ስለዚህ ማኅበሩን «ከየትም ያልመጣ ማኅበር» አሉት። ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ውሸት አይሆንም። ከየትም!

ከዚያ በኋላ የወይዘሮ ጆርጂያ መኖሪያ ቤት ራሱ ምሳ ቤት ሆነ። ሌሊት ተነሥተው ያበስላሉ። ቀን በላተኛው ይጎርፋል። ወንበር ያጣ ቆሞ ይበላል። በሌላ ቤት አብረው እንዳይቀመጡ የተከለከሉ ነጭና ጥቁር በእሳቸው ጠረጴዛ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ጎመን ይበሉ ነበር።

ወይዘሮ ጆርጂያ የሞቱት በመጋቢት 1990 ነው። በዚያን ሰሞን ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ 25ኛ ዓመት ይከበር ነበር። እሳቸውም ጠዋት ተነሥተው ለሰልፈኞቹ ዶሮና ማካሮኒ በአይብ ሲሠሩ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ያንን ምግብ ለቀስተኛው እንዲበላው አቀረቡት።