ጾም ሲፈታ የማትፈታ ልጅ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው እየተቀበሉ ለብቻቸው ይበላሉ፤ የበሉትንና ያልበሉትን የሚቈጥር ሰው የለም። ስለዚህ በመካከላቸው አንድ ስውር ደዌ ቢገባ ሳይታይ ይቈያል። ይኸውም ሐኪሞች አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚሉት፣ ወጣት በገዛ ፈቃዱ ከምግብ እየራቀ የሚመነምንበት ነው።

በአገራችን «ከስተሻል» ማለት ማዘን እንጂ ማመስገን ስላይደለ፣ ይህ የፈረንጅ ሴቶች የመልክ ጭንቀት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጋና ሰሜን ምሥራቅ በሁለት ትምህርት ቤቶች 668 ተማሪዎች ተመርምረው ውጤቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓመተ ምሕረት ሲታተም፣ 10 ልጃገረዶች የከሱት ራሳቸውን በማስራብ ብቻ መሆኑ ታወቀ። ውፍረትን አልፈሩም፤ መራባቸውን እንደ ሃይማኖት ትሩፋትና እንደ ራስን መግዛት ቈጥረውት ነበር።

ጾም በሚከበርበት በጎጃም ይህ ሊታሰብበት ይገባል። ጾም ወሰን አለው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሆኖ በፋሲካ ይፈታል። የታመመችው ልጅ ግን ዶሮው ወጥ ቀርቦላት «አልራበኝም» ትላለች (በጾሙም ወራት ከሽሮው ሸሽታ ነበር)። ሌሎች ሲያዝኑላት እርስዋ በርትቻለሁ ትላለች እንጂ ታምሜአለሁ ብላ አታምንም። ብርድ ብርድ ይላታል፤ የወር አበባዋ ይቀራል፤ በጠዋት ሰልፍ ላይ ራስዋን ትስት ይሆናል።

መምህራን ሆይ፣ ቍጣ አይጠቅማትም። ችግር፣ የሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ትልም ያከሳሉና ሐኪም ሳያያት ለሕመምዋ ስም አትስጡ። ወላጆችዋ ተጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። የንስሐ አባትዋም ይምከሩበት፤ ሕመምተኛን ከጾም ማሳረፍ ይችላሉና፣ ከእኛ ቃል ይልቅ የእርሳቸውን ትሰማ ይሆናል።